የሚያምጠው ፍየል ሆዱ አልደረቀም፦ የሽንት ጠጠርን በሰዓቱ መለየት፣ ማከምና መከላከል

ወንድ ፍየል የኋላ እግሮቹን ዘርግቶ፣ ወገቡን ለጥጦ፣ ጅራቱን እያርገበገበ ሲያምጥ ሲታይ ብዙ ሰው ቶሎ የሚለው «ሆዱ ደርቆ ነው» ነው። ከዚያ ዘይት ይጠጣል፣ ማስቀመጫ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ «እስከ ነገ እንየው» ይባላል። ፍየል ሆዱ ደርቆ እንዲህ ማማጡ ብርቅ ነው። እህልና ፉርሽካ የሚበላ ሙክት ወይም ወጠጤ ሽንቱ ተዘግቶ ማማጡ ግን የምናውቀው ነገር ነው። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ፊኛው ወይም ቱቦው ራሱ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊቀደድ ስለሚችል፣ በዘይት የሚባክነው ግማሽ ቀን የፍየሉ ዕድሜ ነው።

ለመለየት የሚያስቸግር ነገር የለውም። መጀመሪያ በረቱ ውስጥ ትኩስ በጠጥ መኖሩን እዩ። ካለ ነገሩ የሆድ ድርቀት አይደለም። ቀጥሎ ፍየሉን ብቻውን ንጹሕና ደረቅ ወለል ላይ አቁሙት፤ ካርቶን ወይም ደረቅ ጆንያ ብታነጥፉ ደግሞ ጠብታ ሁሉ ይታያችኋል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሳትሰለቹ ተመልከቱት። ደህና ፍየል ሲሸና የሽንቱ ጅረት ይታያል፣ ድምፁም ይሰማል። የታመመው ግን ደጋግሞ ይሞክራል፣ ያቃስታል፣ ምናልባት ጥቂት ጠብታ ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ያንጠባጥባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፤ «ጠብ ካለማ አልተዘጋም» ብሎ ይተወዋል። ጠብ ጠብ ማለት ጠጠሩ ቱቦውን በከፊል ዘግቷል ማለት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ለመዝጋት የሚቀረውም ጥቂት ነው።

ሁለት ቦታ በእጃችሁ ፈትሹ። አንዱ የሸለፈቱ ጫፍ ላይ ያለው ጸጉር ነው። ሽንት የሚወርድለት ፍየል ጸጉሩ እርጥብ ይሆናል፤ የተዘጋበት ደረቅ ነው፣ በጣት ሲታሽም እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ነጭ ቅንጣት ብዙ ጊዜ ይገኝበታል። ሌላው ከፊንጢጣው በታች ያለው ቆዳ ነው። ፍየሉ ሲያምጥ ጣታችሁን እዚያ ብታሳርፉ ቱቦው በሽንት ግፊት ሲመታ ይሰማችኋል። ከዚህ ጋር ጥርሱን ማፋጨት፣ ሆዱን በኋላ እግሩ መምታት፣ ወደ ጎኑ መለስ ብሎ ማየት፣ ምግብ መተው፣ ተኝቶ ወዲያው መነሳት ካለ ጥርጣሬ አይቀርም።

አንድ አሳሳች ምልክት አለ። ቀኑን ሙሉ ሲሠቃይ የዋለ ፍየል ድንገት ጸጥ ካለና ማማጡን ካቆመ፣ ሽንትም ሲወርድ ካላያችሁ፣ ተሻለው አትበሉ። ፊኛው ሲፈነዳ ግፊቱ ስለሚበርድ ሕመሙ ለጊዜው ይቀንስለታል። ከዚያ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ሆዱ በሁለቱም ጎን ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል። የተቀደደው ፊኛው ሳይሆን ቱቦው ከሆነ ደግሞ እብጠቱ የሚታየው ከሆዱ ሥር፣ ከቆለጡ ፊት ለፊት እስከ ሸለፈቱ ባለው ቆዳ ውስጥ ነው፤ ሲጫኑት የጣት ጎድጓዳ ምልክት ያስቀራል፣ እየቆየም ይጠቁራል።

ለምን ወንዱን ብቻ

ጠጠሩ በሴቷም ፊኛ ውስጥ ይፈጠራል። የሴቷ የሽንት ቱቦ ግን አጭርና ሰፊ በመሆኑ አሸዋው ከሽንቱ ጋር ይወጣል። የወንዱ ቱቦ ረጅምና ቀጭን ነው፣ መንገድ ላይም ሁለት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው ከቆለጡ ጀርባ አካባቢ ብልቱ እንደ እባብ ሁለት ጊዜ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ጠጠር በተለይ ከታችኛው መታጠፊያ ላይ ይሰካል። ሁለተኛው ከብልቱ ራስ አልፎ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚንጠለጠለው ትል መሰል ጫፍ ነው። የሽንት ቱቦው ክፍል እዚህ ከሁሉም ስለሚጠብ፣ በመታጠፊያው ያለፈ ጠጠር እዚህ ይያዛል። ይህ ትል መሰል ጫፍ በሕክምናው ትልቅ ቦታ አለው፤ እንመለስበታለን።

በሕፃንነቱ የተኮላሸ ፍየል የበለጠ ይጠቃል። ግልገል ሲወለድ ብልቱ ከሸለፈቱ ጋር ተጣብቆ ነው። የሚለያየው ቆለጡ በሚያመነጨው ሆርሞን ነው፣ ቱቦው የሚሰፋውም በዚያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተኮላሸ ፍየል አካሉ ያድጋል፤ ቱቦው ግን ጠባብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማኮላሸቱን ቢያንስ ወደ 4 ወር፣ ከተቻለም እስከ 6 ወር ማዘግየት ይመረጣል። ግን ወጠጤ ከ3 ወር ጀምሮ እናቱንና እኅቶቹን ሊያስረግዝ ስለሚችል፣ በዚህ መሃል ከሴቶቹ ለይቶ ማሳደር ግድ ነው። በዚህ ዕድሜ ማኮላሸትም ማደንዘዣና የሐኪም እጅ ይፈልጋል።

እስከ ሐኪሙ ድረስ ባሉት ሰዓታት

እህሉን፣ ፉርሽካውንና ማዕድን ያለበትን ነገር ሁሉ አንሡ። ድርቆሽ ከፈለገ ይቅመስ። ውኃ በራሱ ፈቃድ ከጠጣ አትከልክሉት፣ ግን «ግፊቱ ጠጠሩን ያስወጣው» ብላችሁ በግድ ውኃ አታጠጡት። መውጫ በሌለው ፊኛ ላይ ተጨማሪ ውኃ ፍንዳታውን ከማፋጠን በቀር ጥቅም የለውም። ሽንት የሚያበዛ መርፌም እንዲሁ ነው። አሞኒየም ክሎራይድን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ይህ ጨው የሚሠራው ሽንቱን አሲዳማ አድርጎ በጠጠሩ ላይ በማፍሰስ ነው። ሽንቱ ካልፈሰሰ የሚታጠብ ነገር የለም። ኩላሊቱ በተጨነቀበት ሰዓት ደሙን ማኮምጠጥ ብቻ ይሆናል። መከላከያና የማገገሚያ መድኃኒት እንጂ የተዘጋ ቱቦ መክፈቻ አይደለም።

ቀጭን ቱቦ ከጫፉ አስገብቶ ጠጠሩን ወደ ኋላ የመግፋት ሐሳብም ይመጣል። ተዉት። የወንድ ፍየል የሽንት ቱቦ ከዳሌው አጥንት ቅስት ላይ ኪስ መሰል ጎድጓዳ አለው፤ ከታች የሚገባ ቱቦ እዚያ ኪስ ውስጥ ገብቶ ይቆማል እንጂ ፊኛው ውስጥ አይደርስም። በኃይል ከተገፋ ደግሞ ቀድሞውኑ ያበጠውን ግድግዳ ይበሳዋል።

ለሐኪሙ ስትደውሉ ዕድሜውን፣ ግምታዊ ክብደቱን፣ በስንት ወሩ እንደተኮላሸ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ሲሸና የታየበትን ሰዓት፣ የሚበላውን ዝርዝርና የሰጣችሁትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። «ሆዱን አሞታል» ካላችሁ ወረፋው ነገ ሊሆን ይችላል። «ወንድ ፍየል ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ አልሸናም» ካላችሁ ግን ባለሙያው ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ያውቃል።

ትል መሰሉን ጫፍ መቁረጥ

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው። ፍየሉ በቂጡ ይቀመጥና ጀርባው በያዡ ጉልበቶች መሃል ይደገፋል፣ አንገቱና ጀርባው ወደ ፊት ይታጠፋል። አንድ እጅ ከቆለጡ ሥር ያለውን የታጠፈ ክፍል ወደ ፊት ይገፋል፣ ሌላው እጅ ሸለፈቱን ወደ ኋላ ይሰበስባል። ብልቱ ሲወጣ እርጥብ ስለሆነ በባዶ ጣት አይያዝም፤ በደረቅ ጎዝ ከራሱ ኋላ ይያዛል። ትል መሰሉ ጫፍ ካበጠ፣ ከጠቆረ ወይም በጣት ሲነካ እንደ ጥሬ ጨው ከተንኮሻኮሸ በንጹሕ መቀስ ከሥሩ ይቆረጣል። ጥቂት ይደማል፣ ወዲያው ይቆማል። አውራ ፍየል ይህን ጫፍ በማጣቱ የማርባት ችሎታው አይቀንስም፤ ስለዚህ «አውራዬ ይበላሽብኛል» ብሎ ማመንታት ምክንያት የለውም።

ማስታገሻ ወይም ማደንዘዣ ቢኖር ሥራው ለሁለቱም ይቀላል። ምርጫው ግን ለሐኪሙ ይተው። ዚላዚን የተባለው ማስታገሻ ፍየልን በትንሽ መጠን አብዝቶ ይጥላል፣ ከዚያም በላይ ሽንት ያበዛል፤ ቱቦው በተዘጋ ፍየል ላይ የምንፈልገው ይህን አይደለም። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣም ፍየል ላይ መጠኑ ካለፈ መርዝ ስለሚሆን በሚሊ ግራም ተሰልቶ ነው የሚወጋው።

በጣም ቀድሞ የተኮላሸ ወይም ገና ያልጎረመሰ ፍየል ከሆነ ብልቱ ላይወጣ ይችላል፤ ያው የተጣበቀው ሸለፈት ነው። እንዲህ ሲሆን መጎተት መቅደድ ነው።

ከተቆረጠ በኋላ ሽንቱ በጅረት ከወረደ ደስ ይላል፤ ግን ሥራው ገና ነው። ፊኛ ውስጥ አንድ ጠጠር ብቻ መገኘቱ ያልተለመደ ነው፣ የቀሩት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ተከታትለው ሊወርዱ ይችላሉ። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሌሊትም ቢሆን በየጥቂት ሰዓቱ መሽናቱን አረጋግጡ። ተቆርጦም ካልወረደ የሚቀጥለው ጠጠር ከላይ በመታጠፊያው ላይ ነው ያለው፣ ነገሩም ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል።

ሐኪሙ የሚያቀርብላችሁ ምርጫዎች

በአልትራሳውንድ እየታየ በሆድ ቆዳ በኩል በመርፌ ፊኛውን ማስተንፈስና ኮምጣጣ የሆነ ልዩ ፈሳሽ ወደ ፊኛው ማስገባት አንዱ ነው። ፈሳሹ ለስላሳ የፎስፌት ጠጠርን ያሟሟል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ለሆነ ጠጠር ግን እምብዛም አይሠራም።

አውራ ለሆነ ወይም በጣም ለሚፈለግ ፍየል የሚመረጠው ሆዱን ከፍቶ ፊኛውን ከጠጠር ማጽዳትና በፊኛው ውስጥ በሆድ ግድግዳ በኩል የሚወጣ ጊዜያዊ ቱቦ መትከል ነው። ሽንቱ በዚያ ሲወጣ ታችኛው ቱቦ ያርፋል፣ እብጠቱ ይወርዳል፣ በመታጠፊያው የተሰካውም ብዙ ጊዜ ይለቃል። ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ቱቦው ለጥቂት ሰዓት እየተቆነጠጠ ፍየሉ በራሱ መንገድ ይሸና እንደሆነ ይሞከራል፤ ካልሸና ይከፈትለታል። በራሱ በደንብ መሽናቱ ሳይረጋገጥ ቱቦው አይነቀልም። ወደ ሁለት ሳምንት የሚጠጋ ጥበቃ ይፈልጋል፣ ፍየሉ ቱቦውን እንዳይነክሰውም መከታተል አለ። አድካሚና ውድ ነው፤ ነገር ግን ፍየሉን ሙሉ አድርጎ የሚመልሰው እሱ ነው።

ከፊንጢጣው በታች አዲስ የሽንት መውጫ መክፈት ፈጣንና ርካሽ ነው። ጉድለቱ ቀዳዳው በወራት ውስጥ እየጠበበ ብዙ ጊዜ መልሶ መዘጋቱ ነው፤ አውራም ከሆነ ከእንግዲህ አያረባም። እኛ የምንመክረው ለሥጋ ለሚደርስ ሙክት፣ እስኪያገግምና መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ጊዜ ለመግዛት ነው።

ማረድ የሚለው ምርጫ ከሁሉ የሚከብደው ዘግይቶ ሲነሳ ነው። ፊኛው ሳይፈነዳ፣ መድኃኒት ሳይወጋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የታረደ ሙክት በሥጋ መርማሪ ታይቶ ሊያልፍ ይችላል። ሽንቱ ሆዱ ውስጥ ከፈሰሰ ሥጋው የሽንት ሽታ ስለሚይዝ ይጣላል። አንዴ የሕመም ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ከተወጋ ደግሞ የጥበቃ ቀኑ ካላለቀ አይበላም። ስለዚህ «ላሳክም ወይስ ልረድ» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ይመለስ። ፊኛው መፈንዳቱ ካጠራጠረ ሐኪሙ ከሆዱ ፈሳሽ ቀድቶ ክሪያቲኒኑን (በሽንት የሚወገድ ቆሻሻ ነው) ከደሙ ጋር ያነጻጽራል፤ የሆዱ ፈሳሽ የደሙን ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሽንት ነው።

ጠጠሩን አትጣሉት

የወጣው ጠጠር፣ የተቆረጠው ጫፍ ውስጥ ያለውም ቢሆን፣ ስለ መኖው ይናገራል። ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ በጣት ሲፈጭ እንደ እርጥብ አሸዋ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ የፎስፌት ጠጠር ነው፤ የእህልና የፉርሽካ ሥራ። ክብ፣ ለስላሳ፣ ወርቃማ ዶቃ የሚመስለው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የሚመጣው አልፋልፋና መሰል ካልሲየም የበዛበት ቅጠል ሲበዛ ነው። ደርቆ ብርቱ ኮምጣጤ ሲንጠባጠብበት አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለበት። ድንጋይ የሚያህል ጠንካራ ከሆነ ሲሊካ ወይም ኦክሳሌት ሊሆን ይችላል፤ እነዚህን አሲድ አይፈታቸውም። ላቦራቶሪ ካለ አድርቃችሁ በንጹሕ ብልቃጥ ላኩት፤ ፎርማሊን ውስጥ አትክተቱት። ይህን ሳያውቁ መኖ ማስተካከል በጭፍን መሄድ ነው፤ ፎስፌቱን የሚያድነው አልፋልፋ ካርቦኔቱን ያባብሳልና።

መኖው

አብዛኛው የደለቡ ወንድ ፍየሎች ጠጠር የፎስፌት ነው። ምክንያቱ እህል ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ምንም የማይባል መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ በቆሎ 3 ግራም ገደማ ፎስፈረስ ሲኖረው ካልሲየሙ ከግማሽ ግራም በታች ነው። የስንዴ ፉርሽካ ይብሳል፤ በኪሎ 11 ግራም ገደማ ፎስፈረስ፣ 1 ግራም ከምናምን ካልሲየም። እኛ የምንፈልገው በጠቅላላው በሚበላው ነገር ውስጥ ለአንድ እጅ ፎስፈረስ ከ2 እስከ 2.5 እጅ ካልሲየም ነው። ፉርሽካ ርካሽና ቀላል ስለሆነ በገፍ ይሰጣል፤ ለሚታለብ ፍየል ጥሩ፣ ለሙክት ግን የጠጠር መጋዘን ነው።

ሌላው ምክንያት ከምራቅ ጋር የተያያዘ ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ ትርፍ ፎስፈረሱን በምራቁ ወደ ጨጓራው እየመለሰ በበጠጡ ያስወግዳል። ምራቅ የሚመጣው ደግሞ ረጅም ነገር ሲታኘክ ነው። እህል ወይም እንክብል መኖ ብቻ የሚበላ ፍየል ማኘኩ አጭር፣ ምራቁ ትንሽ ይሆናል፣ ትርፉም በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት ይዞራል። ካልሲየሙ በትክክል የተሰላለት መኖ እንኳ ድርቆሽ ከሌለው ጠጠር የሚያመጣው ለዚህ ነው።

እንዴት ይሰላል? 100 ኪሎ ድብልቅ እንውሰድ፤ 60 ኪሎ በቆሎ፣ 25 ኪሎ ፉርሽካ፣ 15 ኪሎ ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፈ ምርት)። የፋጉሎ ፎስፈረስ እንደ ዓይነቱ ይለያያል፣ ለስሌቱ በኪሎ 10 ግራም እንያዝ። ከበቆሎው 180 ግራም፣ ከፉርሽካው 275 ግራም፣ ከፋጉሎው 150 ግራም፣ በድምሩ 605 ግራም ፎስፈረስ ይመጣል። እጥፉ 1,210 ግራም ካልሲየም ያስፈልጋል። ድብልቁ ራሱ የሚያመጣው 85 ግራም ቢሆን 1,125 ግራም ይጎድላል። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ካልሲየሙ 36 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ 1,125ን ለ0.36 ስናካፍል ወደ 3.1 ኪሎ ይሆናል። አንድ ጭብጥ በየቀኑ በትኖ «ካልሲየም ሰጠሁ» ማለት ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ሆኖም በዚህ ድብልቅ ካልሲየሙ ቢስተካከልም ፎስፈረሱ ራሱ 0.6 በመቶ ደርሷል፤ ጠቅላላ መኖው ከዚህ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ከኖራ ድንጋይ በፊት ፉርሽካውን መቀነስ ይቀድማል። ፉርሽካው ወጥቶ 80 ኪሎ በቆሎና 20 ኪሎ ፋጉሎ ቢሆን ፎስፈረሱ ወደ 440 ግራም ይወርዳል፣ የኖራ ድንጋዩም ወደ 2.2 ኪሎ። የሣር ድርቆሽ ብዙ ጊዜ የራሱን ሚዛን ይዞ ስለሚመጣ ስሌቱን አያናጋም፤ አልፋልፋ ግን ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ አምስት ስድስት እጥፍ ሊሆን ስለሚችል፣ በብዛት ከተሰጠ ዱቄቱን ቀንሱ ወይም ተዉት።

የምትገዙት የኖራ ድንጋይ ዱቄት ለመኖ የተፈጨ ካልሲየም ካርቦኔት ይሁን። ለግድግዳና ለግንባታ የተቃጠለው ኖራ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ መኖ አይደለም። ማግኒዥየም ያለበት የኖራ ድንጋይም አይበጅም፤ የፎስፌቱን ጠጠር ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ ማግኒዥየም ነውና። ከሁሉ የሚገርመው ስሕተት «ካልሲየም አለው» ተብሎ ዳይካልሲየም ፎስፌት ወይም የአጥንት ዱቄት መጨመር ነው። ካልሲየም አለው፣ እውነት ነው፤ ከሱ ጋር ግን ልንሸሸው የነበረውን ፎስፈረስ ጭኖ ይመጣል። ለሚታለቡ እንስሳት የተዘጋጀ የማዕድን ድብልቅም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው፤ መለያ ወረቀቱን አንብቡ። ዱቄቱ ከእህሉ ሥር እንዳይዘቅጥ ድብልቁን በጥቂት ውኃ ወይም ሞላሰስ አርጥቡት፤ ሳይበላ በገበቴው ሥር የቀረ ካልሲየም አልተሰጠም።

እህሉን በቀን አንዴ በገፍ ከመስጠት ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠት፣ ከእህሉ በፊትም ድርቆሽ ማስቀደም ጥሩ ነው። ትልቅ የእህል ምግብ ሲገባ ውኃ ከደም ወደ ጨጓራ ስለሚሳብ ለሰዓታት ሽንቱ ይቀንሳል፣ ይወፍራል፤ ማዕድኑም የሚረጋው በዚያ ሰዓት ነው። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ፍየል የፊኛው ሽፋን እየተላጠ ለጠጠሩ መነሻ ይሆናል፤ ለወራት አረንጓዴ ነገር ያላየ መንጋ ካላችሁ ይህንንም አስቡ።

ውኃና ጨው

የቀጠነ ሽንት ጠጠር አይሠራም። ውኃው ሁልጊዜ እፊቱ ይኑር፣ ዕቃው በየቀኑ ይታጠብ። ፍየል ሰገራ ወይም ድርቆሽ የወደቀበትን ውኃ አሽትቶ ይተዋል፤ ብርዳማ ጠዋት ለብ ያለ ውኃ የበለጠ ይጠጣል። በረቱ ውስጥ አንዱ አውራ ገንዳውን ከያዘ ደካማው ጠምቶት ይውላልና ሁለተኛ ገንዳ በሌላ ጥግ አኑሩ።

ጨው የሚጠቅመው እንዲጠማው በማድረግ ነው። በድብልቁ ውስጥ ከ1 በመቶ ጀምሮ በሁለት ሦስት ሳምንት ወደ 3 በመቶ ማሳደግ ይቻላል። የሚላስ የጨው ድንጋይ ብቻ ማንጠልጠል አይበቃም፤ አንዱ ሲልስ ይውላል፣ ሌላው አይነካውም። ውኃ የሚቋረጥበት በረት ከሆነ ግን ጨው አትጨምሩ፤ ያለ ውኃ የተበላ ጨው ራሱ ይመርዛል።

አሞኒየም ክሎራይድና የሽንቱ አሲድነት

የፍየል ሽንት በተፈጥሮው አልካላይን፣ ማለትም የአሲዳማ ተቃራኒ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ከ7.5 እስከ 8.5 ይሆናል። የፎስፌትና የካርቦኔት ጠጠር የሚረጋው እንዲህ ባለ ሽንት ውስጥ ነው። አሞኒየም ክሎራይድ ወደ 6 እና 6.5 ያወርደዋል። የተለመደው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 200 ሚሊ ግራም ነው፤ 25 ኪሎ ለሆነ 5 ግራም፣ 40 ኪሎ ለሆነ 8 ግራም። 300 ድረስ የሚያስፈልጋቸው አሉ፣ በተለይ ድርቆሹ ፖታሲየም የበዛበት ወይም አልፋልፋ ሲሆን። በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ለኩ።

በድብልቁ ውስጥ 1 በመቶ ሲደረግ ሂሳቡ የሚሠራው ፍየሉ የታሰበለትን ያህል ከበላ ነው። 25 ኪሎ የሆነው 500 ግራም ድብልቅ ከበላ 5 ግራሙን አገኘ። ጎኑ ያለው 50 ኪሎ አውራ 200 ግራም ብቻ ከቀመሰ ያገኘው 2 ግራም ነው፤ ለእርሱ ከሚገባው አንድ አምስተኛ። ጣዕሙ መራራ ስለሆነ የሚያጣጥለው ፍየል አይጠፋም። ለብቻው የሚሰጥ ከሆነ በብዙ ውኃና ሞላሰስ በጥብጡት፤ ወፍሮ ከተጋተ አፍና ጉሮሮ ይልጣል። ለመኖ የተዘጋጀውን ግዙ፤ አሞኒየም ናይትሬትም ሆነ ዩሪያ ስማቸውና መልካቸው ቢቀራረብም ሌላ ነገር ናቸው፣ ይገድላሉ።

ሳያቋርጡ ለወራት ሲሰጥ ሰውነት ስለሚለምደው ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል፣ አሲዱን ለማመጣጠን ሲልም ከአጥንት ካልሲየም ይስባል። ለዚህ ነው በሳምንት 3 ቀን ሰጥቶ 4 ቀን ማሳረፍ የሚመረጠው። መሥራቱን የምታውቁት በፒኤች ወረቀት ነው። ከተሰጠ ከ5 እስከ 7 ሰዓት በኋላ፣ ፍየሉ ሲሸና በንጹሕ ዕቃ ተቀብላችሁ ወዲያው ንከሩ። መሬት ላይ የቆየ ሽንት አሞኒያ ስለሚያመነጭ የውሸት ከፍታ ያሳያል። 7.5 ከሆነ መጠኑ አልበቃም ወይም መኖው ይከላከለዋል፤ ከ6 በታች ከወረደ ቀንሱ። ምግብ የተወና ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ፍየል ካያችሁ ወዲያው አቁሙ።

የፖም ኮምጣጤ ይተካዋል የሚሉ አሉ። ኮምጣጤ በጨጓራው ውስጥ ከሚመነጩት አሲዶች ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሰውነት ለጉልበት ያቃጥለዋል እንጂ ሽንቱን አያኮመጥጠውም። ውኃው ላይ ጣዕም ጨምሮ የበለጠ ካስጠጣ ያ ብቻ ነው ጥቅሙ።

የዳነውን ማቆየት

አንዴ የተዘጋ ፍየል ለመዘጋት ሌላውን ይቀድማል። እህል አያስፈልገውም፤ የማይሠራና የማይደልብ ሙክት ጥሩ የሣር ድርቆሽ፣ ውኃና ጨው ይበቃዋል። አውራ ከሆነ ከማርቢያው ወቅት ውጭ ከእህል ይራቅ፤ በወቅቱም ሲጨመርለት ካልሲየሙ ተሰልቶ ይሁን። የተረፉት ጠጠሮች እንዲሟሙ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሞኒየም ክሎራይዱን በየቀኑ መስጠት ይቻላል፤ ግን ቱቦው ክፍት መሆኑ ከተረጋገጠና ኩላሊቱ ደህና መሆኑን ሐኪሙ ካየ በኋላ ብቻ።

በሽታው አይተላለፍም፤ አንድ ገበቴ የበሉት ግን ሁሉም ያው መኖ ሆዳቸው ውስጥ ነው። አንዱ በተዘጋ ዕለት የቀሩትን ወንዶች አንድ በአንድ ያዙና የሸለፈታቸውን ጸጉር በጣት እሹ። አሸዋ የተገኘበት ካለ ገና ሳያምጥ ደረሳችሁለት ማለት ነው፤ እህሉን በዚያው ዕለት አንሡ፣ ፒኤቹን ለኩ፣ አሞኒየም ክሎራይዱን ጀምሩ፣ ጸጉሩንም በየሁለት ቀኑ እንደገና ፈትሹ።